ፍርዱ እስኪደርስ ገበያው አይጠብቅም

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጉልበት ነው። ያንን ጉልበት ይገታል ስለሚባለው የውድድር ሕግም አነሳለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ2006 ፋውንደም የሚባል ድረገጽ እንግሊዝ አገር ሥራ ጀመረ። ዋጋ ያነጻጽራል። አንድ ዕቃ ትፈልጋላችሁ፤ የት ሱቅ በስንት እንደሚሸጥ ይነግራችኋል። በቃ ይኸው ነው ሥራው። ብዙም ሳይቆይ ግን ድረገጹ ከጉግል የፍለጋ ውጤቶች ወደ ታች ወረደ። ሰው የማያገላብጠው ገጽ ላይ ተጣለ ማለት ነው። በጉግል ላይ ያልታየ ድረገጽ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

የድረገጹ ባለቤቶች የአውሮፓ ኅብረትን የውድድር ሕግ ለሚያስከብረው ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ በ2010 መደበኛ ምርመራ ከፈተ። በ2017 ጉግል የራሱን የዋጋ ማነጻጸሪያ ከሌሎቹ አስቀድሞ በማሳየቱ ጥፋተኛ ነው ብሎ 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው። ጉግል ይግባኝ አለ። የመጨረሻው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ያጸናው በሴፕቴምበር 2024 ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። ድረገጹ ከተከፈተ 18 ዓመት ሆኖታል፤ ምርመራው ከተጀመረ ደግሞ ወደ 14 ዓመት ገደማ። ፋውንደም ግን በ2016 ተዘግቷል። አሸነፈ፤ ሲያሸንፍ ግን አልነበረም።

እኔ የዛሬውን ክርክር የማየው በዚህ በኩል ነው። አንዱ ወገን «እነዚህ ኩባንያዎች ከመጠን በላይ ገዝፈዋል፤ ይከፋፈሉ» ይላል። ሌላው «ያደጉት ጎበዝ ስለሆኑ ነው፤ ተዉአቸው» ይላል። ሁለቱም ስለ መጠን ነው የሚያወሩት። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ጊዜው ነው። ሕግ አለ። ጥሩ ዳኞች አሉ። ከሳሾች ይረታሉ። ፍርዱ የሚመጣው ግን ተፎካካሪው ከሞተ በኋላ ነው። ቅጣቱ ለመንግሥት ካዝና ይገባል፤ የሞተውን አያስነሳም።

አሁን ወደ አሜሪካ ልሻገር። ኦገስት 5 ቀን 2024 በዋሽንግተን የፌደራል ዳኛው አሚት ሜህታ «ጉግል ሞኖፖሊስት ነው፤ ሞኖፖሊውን ለማቆየትም እንደ ሞኖፖሊስት ሠርቷል» ብለው ጻፉ። ሞኖፖሊስት ማለት ገበያውን ለብቻው የያዘ ማለት ነው። ቀጥተኛ አባባል ነው። ዳኞች እንዲህ በግልጽ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ አይደለም። ክሱ የተመሰረተው በኦክቶበር 2020 ነበር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ከሚደረገው ጠቅላላ ፍለጋ 90 በመቶ ገደማ በጉግል በኩል ያልፍ ነበር። በሞባይል ላይ ደግሞ ወደ 95 በመቶ ይጠጋል።

ጉግል ምን አደረገ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። አዲስ ስልክ ገዛችሁ እንበል። ከካርቶኑ አወጣችሁት፤ ብራውዘሩን ከፈታችሁት። ከላይ ያለው ሳጥን ውስጥ የምትፈልጉትን ጻፋችሁ። መልሱን ያመጣላችሁ ማነው? እናንተ አልመረጣችሁም። አስቀድሞ ተመርጦ፣ ተከፍሎበት ነው የመጣው። ጉግል ለእነዚህ ቦታዎች በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። በ2022 ለአፕል ብቻ የከፈለው 20 ቢሊዮን ዶላር ነው። አፕል በብራውዘሩ በሳፋሪ በኩል ከሚገኘው የፍለጋ ማስታወቂያ ገቢ 36 በመቶውን ያገኝ እንደነበርም በችሎቱ ላይ ወጥቷል።

«ታዲያ ሰው ካልፈለገው ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ መቀየር ይችላል» ይባላል። አዎ ይችላል። ማን ያደርገዋል? ፍርዱ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ማስረጃ አለ። የማይክሮሶፍት ብራውዘር ኤጅ ላይ አስቀድሞ የተቀመጠው የራሱ የማይክሮሶፍት መፈለጊያ ቢንግ ነው። በኤጅ ላይ ከሚደረገው ፍለጋ 80 በመቶ ያህሉ የሚሄደው ለቢንግ ነው። ያው ቢንግ በሌላው ዓለም ከጉግል አጠገብ የማይቆም ነው። እርግጥ ኤጅን የሚጠቀሙ ሰዎች ከሌላው ይለዩ ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን በዚህ ብቻ የሚሸፈን አይደለም። በዚያች ሳጥን ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠ፣ ግማሽ መንገዱን ጨርሷል።

ጉግል ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም። ዳኛውም ጥራቱን መስክረውለታል። ግን ጥራቱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ልብ በሉ። ብዙ ሰው በፈለገ ቁጥር ብዙ ዳታ ይሰበሰባል። ብዙ ዳታ መልሱን ያሻሽላል። የተሻለ መልስ ብዙ ማስታወቂያ ያመጣል። ማስታወቂያው ያንን ቦታ ለመግዛት የሚከፈለውን ቢሊዮን ያመጣል። አዲስ ተፎካካሪ በየት በኩል ይግባ? የማይክሮሶፍት አለቃ ሳትያ ናዴላ ችሎት ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ሰው ጠዋት ይነሳል፣ ጥርሱን ይቦርሻል፣ ከዚያ ጉግል ላይ ይፈልጋል አሉ። ይህን የሚሉት በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ሀብታም ኩባንያዎች አንዱን የሚመሩት ሰው ናቸው። እሳቸው መግቢያ ካጡ፣ ጋራዥ ውስጥ የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች ምን ይበሉ?

እዚህ ድረስ እንዴት ደረስን የሚለውን በአጭሩ ላንሳ። የአሜሪካ የጸረ ሞኖፖሊ ሕግ የወጣው በ1890 ነው። የሕጉ አባት ሴናተር ጆን ሸርማን፣ በፖለቲካ ሥልጣን ላይ ንጉሥን የማንታገስ ከሆነ፣ ለኑሮ በሚያስፈልጉን ነገሮች ምርት፣ ማጓጓዣና ሽያጭ ላይም ንጉሥን ልንታገስ አይገባም ብለው ነበር። ይህ የኢኮኖሚ ብቻ አነጋገር አይደለም። የነጻነት ጥያቄ ነው። በዚሁ ሕግ በ1911 የነዳጅ ግዙፉ ስታንዳርድ ኦይል ወደ 34 ኩባንያዎች ተከፋፈለ።

ከዚያ አስተሳሰቡ ተለወጠ። በ1978 የየል የሕግ ምሁር የነበሩት ሮበርት ቦርክ፣ የሕጉ ዓላማ የሸማቹ ጥቅም ብቻ ነው ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቶችም በ1980ዎቹ ሐሳቡን ተቀበሉ። በተግባር መለኪያው ዋጋ ሆነ። ዋጋ ካልጨመረ፣ ምን ችግር አለ? ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤቶች ትንንሽ ሱቆችን ለመጠበቅ ሲሉ ሸማቹን ራሱ የጎዱባቸው ውሳኔዎች ነበሩ። ግን ይህ መለኪያ ነጻ የሆነ ነገር ሲመጣ ዓይኑ ይታወራል። ፍለጋው ነጻ ነው። ኢሜይሉ ነጻ ነው። ፎቶ መጋሪያው ነጻ ነው። ዋጋው ዜሮ ከሆነ፣ ዜሮ እንዴት ይጨምራል?

ዋጋው ግን አለ። ሌላ ቦታ ነው የሚከፈለው። ዳኛ ሜህታ ጉግል የጽሑፍ ማስታወቂያ ዋጋን ተፎካካሪ ሳይፈራ መጨመር እንደቻለ አረጋግጠዋል። ያንን የሚከፍለው ዕቃ ሻጩ ነው። ሻጩ ደግሞ ከየት ያመጣዋል? ከእናንተ ኪስ። የግል መረጃችሁም እንደዚሁ። ከአሥር ዓመት በፊት የማትቀበሉትን ዛሬ «እስማማለሁ» ብላችሁ የምታልፉት፣ መሄጃ ስለሌላችሁ ነው።

በ2017 ገና የየል የሕግ ተማሪ የነበረችው ሊና ካን ይህንኑ በአማዞን ላይ አንስታ ጻፈች። ዋጋ ርካሽ መሆኑ ብቻ ውድድር አለ አያሰኝም ነው ጭብጧ። ብዙዎች አጣጣሏት። በ2021 የአሜሪካ የፌደራል ንግድ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነች፤ 32 ዓመቷ ነበር። እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ሠራች። ሁሉንም ክስ አላሸነፈችም። ነገር ግን የክርክሩን ቦታ ቀይራለች፤ ይህን ተቃዋሚዎቿም አይክዱትም።

አሁን ደግሞ ወደ ፌስቡክ እንሂድ። ፌብሩዋሪ 2012 ነው። ማርክ ዙከርበርግ ለኩባንያው የፋይናንስ ኃላፊ ኢሜይል ይጽፋል፤ እንደ ኢንስታግራም ያሉ ኩባንያዎችን ብንገዛስ ብሎ። ኃላፊው ምክንያቶቹን ዘርዝሮ ይመልስለታል። ሊመጣ የሚችል ተፎካካሪን ማስወገድ ነው ወይስ ምርታችንን ማሻሻል? ዙከርበርግ ተፎካካሪውን ማስወገድንና ፌስቡክን ማሻሻልን አንድ ላይ አድርጎ መለሰ። 45 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሌላ ኢሜይል ላከ። የምንገዛቸው እንዳይፎካከሩን ነው ማለቴ አይደለም የሚል። ሁለቱም ኢሜይሎች በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ምርመራ ላይ ወጡ። እኔ ይህቺን የ45 ደቂቃ ልዩነት ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። ሰውየው ምን እየሠራ እንደነበረ ያውቃል።

ከሁለት ወር በኋላ ኢንስታግራም በ1 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። 13 ሠራተኛ ነበረው። ንግድ ኮሚሽኑ ጉዳዩን መረመረና አሳለፈው። በ2014 ዋትሳፕ በ19 ቢሊዮን ዶላር ተገዛ። እሱም አለፈ። ኮሚሽኑ የከሰሰው በዲሴምበር 2020 ነው። ችሎቱ በ2025 ተሰማ። በኖቬምበር 2025 ዳኛ ጄምስ ቦዝበርግ ለሜታ ፈረዱ፤ ሜታ የፌስቡክ ኩባንያ የዛሬ ስሙ ነው። ምክንያታቸው አጭር ነው። ድሮ ሞኖፖሊ ነበራችሁ ወይ የሚለው አይደለም ጥያቄው። ዛሬ ሞኖፖሊ አላችሁ ወይ ነው። ዛሬ ቲክቶክ አለ፤ ዩቲዩብ አለ፤ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው እዚያ ነው።

ብዙ ጓደኞቼ በዳኛው ተናደዋል። እኔ በዳኛው አልፈርድም። በፊታቸው ያለውን የ2025 ገበያ ነው ያዩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። መጮህ የነበረበት በ2012 ነበር፤ ኢሜይሎቹ ገና ትኩስ ሳሉ፣ ኢንስታግራም ራሱን ችሎ ምን ሊሆን እንደሚችል ገና ሳይታወቅ።

«ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» የሚሉትን ሳልሰማ ማለፍ አልፈልግም፤ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ግዙፉን አይቢኤምን በ1969 ከሶ 13 ዓመት ተከራከረ። በ1982 ክሱን ራሱ አነሳ። በዚያን ጊዜ የግል ኮምፒውተር መጥቶ ዓለምን እየቀየረ ነበር። ቲክቶክም ማንም ሳይፈቅድለት ነው ሜታን ያስጨነቀው። ታዲያ ዝም ብሎ መጠበቅ አይሻልም ወይ?

የአይቢኤምን ታሪክ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ኩባንያው በ1969፣ ክሱ አናቱ ላይ ሲንዣበብ፣ ሶፍትዌርን ከማሽኑ ለይቶ ለመሸጥ ወሰነ። ከዚያ በፊት ሶፍትዌሩ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ነበር የሚመጣው። ለብቻው ሲሸጥ፣ ሌላውም ሶፍትዌር ሠርቶ መሸጥ ቻለ። ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ሆነ። የማይክሮሶፍትም እንደዚያው ነው። በ1998 ተከሰሰ። በ2000 ለሁለት እንዲከፈል ተፈረደበት። በ2001 የይግባኝ ፍርድ ቤት መከፈሉን ሽሮ ጥፋቱን ግን አጸና። ኩባንያው አልተከፈለም። ግን በዚያን ሰሞን ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ጉግል የምትባል ጀማሪ ኩባንያ በዊንዶውስ ላይ በነጻነት ያደገችው በእነዚያው ዓመታት ነው። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ስለዚህ «ገበያው ራሱ አስተካከለው» ስንባል፣ ከኋላ ሕግ ቆሞ እንደነበር መርሳት የለብንም።

ወደ ኤቲኤንድቲም ዞር ልበል፤ ስለ መከፋፈል ሲነሳ የሚጠራው እሱ ነው። በጃንዋሪ 1984 የስልክ ግዙፉ ተከፋፍሎ ሰባት የክልል ኩባንያዎች ወጡ። ትልቅ ነገር ነው። እኔን የሚማርከኝ ግን ከዚያ በፊት በ1956 የሆነው ነው። ያኔ ኩባንያው ሳይከፈል አንድ ስምምነት ፈረመ። በእጁ ያሉትን ወደ 8 ሺህ የሚጠጉ የፈጠራ መብቶች ያለ ክፍያ ለሌሎች እንዲፈቅድ ተገደደ። ከመካከላቸው የትራንዚስተሩ ነበር። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ሥሩ እዚያ ድረስ ይወርዳል። ማንም አልተበተነም፤ በሩ ግን ተከፈተ። ኩባንያ መከፋፈል አንዳንዴ ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። ግን ብዙ ጊዜ የሚበልጠው መክፈት ነው። ዳታው፣ መገናኛው፣ መግቢያው ይከፈት።

አውሮፓ ይህን ሞክራለች። የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ይባላል። ሐሳቡ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጥፋቱ እስኪፈጸምና እስኪረጋገጥ አይጠበቅም። በአውሮፓ በወር 45 ሚሊዮን ተጠቃሚ ያለው፣ የገቢው ወይም የገበያ ዋጋው መጠን ወሰን ያለፈ ፕላትፎርም «በረኛ» ተብሎ ይመዘገባል። ከተመዘገበ በኋላ ማድረግ ያለበትና የሌለበት አስቀድሞ ተጽፎለታል። የራሱን ምርት አያስቀድምም። ተጠቃሚው ዳታውን ይዞ እንዲወጣ ይፈቅዳል። የመልእክት አፖች ከሌላ አፕ ጋር እንዲነጋገሩ ያደርጋል። በሴፕቴምበር 2023 ስድስት ኩባንያዎች ተመዘገቡ፤ የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት፣ አማዞን፣ አፕል፣ የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስ፣ ሜታና ማይክሮሶፍት። ግዴታው የጀመረው በማርች 2024 ነው። ቅጣቱ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። በኤፕሪል 2025 አፕል 500 ሚሊዮን፣ ሜታ 200 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጡ።

ሕጉ እንከን አለው። ሜታ ትሬድስ የሚባለውን አፕ በጁላይ 2023 ሲያወጣ አውሮፓውያን እስከ ዲሴምበር ጠበቁ። አፕልም አንዳንድ አዳዲስ ነገሮችን ለአውሮፓ አዘግይቷል። ሕጉን እንደ ፈጠራ ጠላት የሚያዩ ሰዎች ይህን ያነሳሉ። ዋጋው እውነት ነው። ግን ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀምጡ። በአንድ በኩል የአምስት ወር መዘግየት አለ። በሌላ በኩል የፋውንደም 18 ዓመት አለ። እኔ የአምስት ወሩን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ አሁን ለምን አስቸኳይ ሆነ? አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቷል። የነገ መግቢያ በር የፍለጋ ሳጥኑ ላይሆን ይችላል። የምናወራው ረዳት ነው የሚሆነው። ያ ረዳት የትኛውን ሱቅ፣ የትኛውን ዜና፣ የትኛውን ሐኪም እንደሚጠቁመን ይመርጣል። ቺፑ፣ ዳታ ማዕከሉ፣ ስልኩ፣ ብራውዘሩ ቀድሞም በተወሰኑ እጆች ውስጥ ነው። አዳዲስ የመግዣ ዘዴም ተፈጥሯል። በማርች 2024 ማይክሮሶፍት ኢንፍሌክሽን የሚባለውን ጀማሪ ኩባንያ አልገዛም። ከመሥራቾቹ ሁለቱንና አብዛኛውን ሠራተኛ ቀጠረ፤ ቴክኖሎጂውን ለመጠቀም ፈቃድ ገዛ። ኩባንያው በስም ቀረ። የእንግሊዝ የውድድር ባለሥልጣን ይህ ውህደት ነው ብሎ መርምሮታል፤ በኋላ ቢያሳልፈውም። ውህደት ነው ማለቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግዢውን በስሙ የማይጠራ ሕግ፣ ነገም እንደ 2012ቱ ያልፈዋል።

የጉግል ጉዳይም እስካሁን ያረፈው እዚህ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2025 ዳኛ ሜህታ የጉግል ብራውዘር ክሮም እንዲሸጥ አላዘዙም። ክፍያውንም አልከለከሉም። ሌላውን የሚያስወጣ ብቸኛ ውል ግን ከለከሉ። የተወሰነ የፍለጋ ዳታ ብቁ ለሆኑ ተፎካካሪዎች እንዲጋራም አዘዙ። ብዙዎች ለስላሳ ነው አሉ። እኔም ክፍያው መቀጠሉ አልተዋጠልኝም፤ ጉልበቱ ያለው ገንዘቡ ላይ ነበርና። በዲሴምበር በተሰጠው ዝርዝር ትዕዛዝ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለ። አስቀድሞ የመቀመጫ ውል ከአንድ ዓመት አይበልጥም። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳቶችንም ይጨምራል።

አንድ ዓመት ማለት ለተፎካካሪ በየዓመቱ ዕድል አለ ማለት ነው። ዕድሉ ግን የሚሠራው ውሉ ከታየ ነው። የአፕልን 20 ቢሊዮን ዶላር ያወቅነው ክስ ስለተመሰረተ ብቻ ነው። ለዓመታት ተሸፍኖ ነበር፤ ችሎት ላይም ሊሸፍኑት ታግለዋል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎች ዛሬ፣ ያለ አዲስ ክስ፣ ያለ 14 ዓመት ምርመራና ይግባኝ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። በስልክና በብራውዘር ላይ ቀድሞ ለመቀመጥ የሚከፈል ገንዘብ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ ማን፣ ለማን፣ ስንት። አዲስ የሚመጣው ረዳትም ከስንት ጋር እንደሚፎካከር ከመጀመሪያው ቀን ይወቅ።

ጥያቄ ካለ በደስታ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።